ዜሮውን ሳይዙ መግጠም
በባለመኪናና በመካኒክ መካከል የተደረገ ምልልስ

ኩታበር ከደሴ በሰሜን ምዕራብ በኩል በቅርብ ርቀት የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ደሴ፣ ከደሴም ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚመላለስ መኪና በአንድ ቀን ብርድና ሙቀት፣ ዳገትና ቁልቁለት ይፈራረቁበታል። ሌላ ቦታ ተደብቆ የሚከርም የሞተር ሕመም እዚህ መንገድ ላይ ቶሎ ይገለጣል። የሚከተለው ምልልስ ትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ስለምትባለው ትንሽ ዕቃና ተቀይራ ስትገጠም ስለሚያስፈልጋት ልኬት ነው። ተናጋሪዎቹ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች የቤንዚን ቶዮታ ኮሮላ ያለው ሰውና በዕድሜ የሚበልጠው መካኒክ ናቸው።

ባለመኪና፦ እንደምን አደሩ ጋሼ? ግራ ቢገባኝ ነው ይዣት የመጣሁት። ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ሚኒሞዋ አልረጋ ብሏል። ከቆመችበት ልነሣ ነዳጅ ስሰጣት ትነጥራለች፤ ቤንዚንም መብላት ጀምራለች። አንድ ጋራዥ ወስጃት «ትሮትል ሴንሰሩ ሞቷል» አሉኝ። ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አዲስ አስመጥቼ አስገጠምኩ። ምንም ለውጥ የለም። እንዲያውም አሁን ሐረጎን ስወርድ ሞተሩ እንደ ድሮው አይዝልኝም።

መካኒክ፦ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኮፈኑን ክፈተውና እንየው። አዲሱን ሲገጥሙልህ ለክተውት ነበር?

ባለመኪና፦ ምኑን ጋሼ? የአሮጌውን ሁለት ቪቴ ፈቱ፣ አዲሱን በዚያው አሰሩ፣ ሶኬቱን ሰኩ፤ አለቀ።

መካኒክ፦ እስቲ ቪቴዎቹ የገቡባቸውን ቀዳዳዎች ልብ ብለህ እያቸው። ክብ ናቸው?

ባለመኪና፦ አይደሉም፤ ረዘም ረዘም ያሉ ናቸው።

መካኒክ፦ ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው እንዲያ ያደረጋቸው። ቪቴው ላላ ሲል ሴንሰሩ ግራና ቀኝ እንዲዞርና ልኩ ተፈልጎ እንዲታሰር ነው። ክብ ቢሆኑ ኖሮ እንደ ገጣጠምከው ይቀር ነበር። ዕቃው ራሱ «ለክተህ እሰረኝ» እያለ ነው የተሠራው። አንተ ጋ ተገጠመ እንጂ አልተለካም።

ባለመኪና፦ አዲስ ዕቃ እኮ ነው። አዲስ ዕቃ ከካርቶኑ ሲወጣ ልኩን ይዞ መምጣት የለበትም?

መካኒክ፦ ነገሩ ወዲህ ነው። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጥ ገመዱ ትሮትል ቦዲው ውስጥ ያለውን ክብ መዝጊያ ይከፍተዋል፤ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ከዚያ መዝጊያ ዘንግ ጋር አብሮ ይዞራል። ውስጡ የካርቦን ቅብ ያለበት ጠፍጣፋ መንገድ አለ፤ በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ጣት ትንሸራተታለች። በአንዱ ሽቦ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይገባል፣ ሌላው ሽቦ መሬት ነው፤ ጣቷ የቆመችበት ቦታ ደግሞ በሦስተኛው ሽቦ ቮልት ሆኖ ይወጣል። መዝጊያው ሲዘጋ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሲከፈት ይወጣል። ኮምፒውተሩ እግርህን አያየውም፤ የሚያውቀው ይህን ቮልት ብቻ ነው። በአንተ ዓይነቱ ቶዮታ ላይ አራተኛ ሽቦም አለ። እሱ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ብቻ የምትገናኝ የሚኒሞ ማብሪያ ነው። «ሹፌሩ እግሩን አንሥቷል» የሚለውን ወሬ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ባለመኪና፦ ታዲያ ልኩ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

መካኒክ፦ መነሻው ላይ። የእህል ነጋዴ ሚዛኑ ባዶውን ሳለ ግማሽ ኪሎ እያሳየ ቢመዝንልህ ሚዛኑ አልተሰበረም፤ ዜሮው ነው የጠፋው። ከዚያ በኋላ የሚመዝነው ሁሉ ግን የተሳሳተ ነው። ሴንሰሩም ዘንጉ ላይ ጥቂት ዞር ብሎ ከታሰረ፣ አንተ እግርህን አንሥተህ ሳለ «ትንሽ ረግጧል» ይላል። ዕቃው አዲስ መሆኑ ይህን አያድነውም፤ ምክንያቱም መነሻው ያለው ሴንሰሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሴንሰሩና የአንተ ትሮትል ቦዲ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሶማሌ ተራ ያለው ሻጭ የአንተን ትሮትል ቦዲ አያውቀውም።

ባለመኪና፦ እንዲያ ከሆነ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ለምን አልበራም? መብራቱ ካልበራ ደህና ነው ብዬ ነበር።

መካኒክ፦ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚጮኸው ወሬው ሲቋረጥበት ወይም ከድንበር ሲያልፍበት ነው፤ ሽቦ ሲበጠስ፣ ወይም ቮልቱ ጭራሽ ሊሆን የማይችል ሲሆን። በድንበሩ ውስጥ ሆኖ የተሳሳተ ቁጥር ሲመጣለት አምኖ ይቀበለዋል። አንተ ትንሽ የረገጥክ ይመስለዋል እንጂ ሴንሰሩ ዞሮ መታሰሩን በምን ያውቃል? ና፣ ኮምፒውተሩ ስሕተት መዝግቦ እንደሆነ የምንጠይቅባትን ይህችን ሳጥን እያት። ክዳኗ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የሚሉትን በቁራጭ ሽቦ አገናኛቸዋለሁ። አሁን ገብተህ ኳድሮ ላይ ብቻ አድርጋት፣ ሞተሩን አታስነሣ። መብራቱ እንዴት ይላል?

ባለመኪና፦ ቶሎ ቶሎ፣ እኩል እኩል ብልጭ ድርግም ይላል።

መካኒክ፦ «ምንም ስሕተት አልመዘገብኩም» ማለቱ ነው። የዚህ ሴንሰር ወሬ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ አራቴ ብልጭ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ አንዴ ይደግም ነበር፤ ኮድ 41 ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከሳሽ አይደለም። እኛ ራሳችን መለካት አለብን። ቴስተሩን አቀብለኝ።

ባለመኪና፦ ይኸው። ከየት ይጀምራሉ?

መካኒክ፦ ከሴንሰሩ አይደለም፤ ሴንሰሩ ከሚበላው ነው። ኮምፒውተሩ የሚልክለት 5 ቮልት በትክክል ካልደረሰው፣ ወይም የመሬቱ ሽቦ ዝጎ ከሆነ፣ ሴንሰሩን መቀየር ከንቱ ነው። እየው፣ 5 ቮልቱ ደርሷል። መሬቱም ንጹሕ ነው። አሁን መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ የሚወጣውን ቮልት እንይ። አንብበው።

ባለመኪና፦ 1.1 ቮልት።

መካኒክ፦ በእንዲህ ዓይነቶቹ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ሲዘጋ ከ0.3 እስከ 0.8 ቮልት፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከ3.2 እስከ 4.9 ቮልት ነው የሚጠበቀው። የአንተ ገና እግርህን ሳታሳርፍ 1.1 ላይ ነው። የሚኒሞ ማብሪያዋም አልተገናኘችም። ኮምፒውተሩ ሚኒሞን የሚቆጣጠረው ያቺ ማብሪያ «ተዘግቷል» ስትለው ነው። ካላለችው ሹፌሩ ራሱ ነዳጅ እየሰጠ ነው ብሎ እጁን ይሰበስባል። ሚኒሞህ ያልረጋው ጠባቂ አጥቶ ነው።

ባለመኪና፦ ይኸው ተገኘ! ሴንሰሩን አዙረው ወደ 0.5 ያውርዱትና እንገላገል።

መካኒክ፦ ቆይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መዝጊያው በትክክል መዘጋቱን ሳናረጋግጥ ሴንሰሩን ብናዞር፣ በጠማማ ነገር ላይ ሌላ ጠማማ ነገር መጨመር ነው። ይህችን ትንሽ ቪቴ እያት፤ የመዝጊያው ማቆሚያ ናት። ፋብሪካው ልኳን ይዞ ቀለም ቀብቷት ነበር። ቀለሙ ተላልጧል፣ ጫፏም በካቻቢቴ ተበልቷል። አንድ ሰው ሚኒሞ ከፍ ለማድረግ አዙሯታል። ይህች ቪቴ የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለችም። እሷን ስትጠመዝዝ መዝጊያው በትንሹ ተከፍቶ ይቀራል፤ ሴንሰሩም አብሮ ዞሮ ይቀራል።

ባለመኪና፦ ስለዚህ አሮጌው ሴንሰር ላይሞት ይችላል ማለት ነው?

መካኒክ፦ ይችላል። አሮጌውን ይዘህ ከሆነ ኋላ እንፈትሸዋለን። መጀመሪያ ግን የትሮትል ቦዲውን ውስጥ እናጽዳው፤ መዝጊያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ቀለበት ሠርቷል። ከዚያ ገመዱ ሳይወጠር ትንሽ ላላ ማለቱን እናያለን። ከዚያ ይህችን ቪቴ ወደ ቦታዋ እንመልሳለን። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ቪቴዋ ማንሻውን ነክታ ብቻ ትቁም። ሴንሰሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ባለመኪና፦ እሺ፣ ይኼው ጸዳ፣ ቪቴዋም ተመለሰች። አሁንስ?

መካኒክ፦ እነዚህን ቀጫጭን የብረት ምላሶች ታያቸዋለህ? ክፍተት መለኪያ ናቸው። በየምላሱ ላይ ውፍረቱ በሚሊሜትር ተጽፏል። በማቆሚያዋ ቪቴና በማንሻው መካከል ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ የሆነውን እናስገባለን፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የሞተሩን መጽሐፍ ማየት ግዴታ ነው። ሶኬቱን ነቅለን ቴስተሩን በኦም አድርገን የሚኒሞ ማብሪያዋን ሁለት እግሮች እንይዛለን። ቪቴዎቹን ላላ አድርጌ ሴንሰሩን በዝግታ አዞራለሁ። አንተ መርፌውን ጠብቅ፤ ልክ ሲንቀሳቀስ ንገረኝ።

ባለመኪና፦ አሁን! ተንቀሳቀሰ።

መካኒክ፦ እዚያው ላይ አሰርኩት። ሁለቱንም ቪቴ በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የማጠብቀው፤ አንዱን በአንድ ጊዜ ካጠበቅክ ዕቃውን ይዞት ይዞራል። አሁን ማረጋገጫው ነው። ቀጠን ያለውን ምላስ ሳስገባ ማብሪያዋ መገናኘት አለባት፤ ወፈር ያለውን ሳስገባ መለያየት አለባት። ሁለቱም ሆነ። ሶኬቱን መልሰህ ቮልቱን አንብብ።

ባለመኪና፦ 0.5። ስረግጠው ቀስ እያለ ይወጣል... 4 አለፈ።

መካኒክ፦ አትቸኩል፣ በጣም በዝግታ ርገጠው። የቁጥር ቴስተር ቶሎ የሚያልፍ ጉድለት ያመልጠዋል፤ ለዚህ ነው እኔ ይህን ባለ መርፌውን ያልጣልኩት። መርፌው ሳይዘልና ሳይወድቅ ከታች እስከ ላይ መውጣት አለበት። ሴንሰር ሲያረጅ የሚሸረሸረው እግር አዘውትሮ በሚቆምበት ቦታ፣ ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ላይ መርፌው ቢወድቅ ዕቃው በእርግጥ ሞቷል፤ ማስተካከል አያድነውም። የአዲሱ ንጹሕ ነው። አሁን የኢንጀክሽኑን ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ አውጥተን እንመልስና ኮምፒውተሩ የድሮውን ይርሳ።

ባለመኪና፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሐረጎው ነገር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ፍሬኑ ነው ብዬ የፍሬን ሸራ ልቀይር ነበር።

መካኒክ፦ በደንብ ይገናኛል። ማርሽ ይዘህ ቁልቁለት ስትወርድ እግርህን ታነሣለህ። ኮምፒውተሩ መዝጊያው መዘጋቱን ካወቀና የሞተሩ ዙር ከፍ ያለ ከሆነ ነዳጁን ጭራሽ ይቆርጠዋል። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ደግሞ ራሱን ይዞ መኪናዋን ወደ ኋላ ይስባታል። በሞተር መያዝ የምንለው ይህ ነው። ያንተ ሴንሰር «ትንሽ ረግጧል» እያለ ሲያወራ ኮምፒውተሩ ቁልቁለቱን ሁሉ ነዳጅ ሲረጭልህ ነበር። ሞተሩ ሊይዝህ ሲገባው እየገፋህ ነው የወረድከው። ቤንዚኑ ይባክናል፣ ሸክሙ በፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ያን ያህል ከፍታ በአጭር መንገድ ስትወርድ በፍሬን ብቻ መተማመን ትልቅ አደጋ ነው። የሐረጎን መንገድ የሚያውቅ ሹፌር ይህን አያቃልለውም።

ባለመኪና፦ የመጀመሪያው ጋራዥ ግን «የደጋ አየር ነው፣ ኩታበር ላይ ሁሉም መኪና እንዲህ ነው» ብለውኝ ነበር።

መካኒክ፦ አየሩን አትወቅሰው። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል ቢያጣ እውነት ነው። ዳገት ላይ ሊከብደው ይችላል። ነገር ግን ስስ አየር መኪና አያስነጥርም፣ ሚኒሞም አያናጋም። «የደጋ አየር» ማለት ላለመለካት የሚሰጥ ምክንያት ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዲያውም ከፍታው ይህችን ሴንሰር ይበልጥ ተፈላጊ ነው የሚያደርጋት። አንዳንድ ሞተሮች የአካባቢውን የአየር ግፊት የሚያነቡት ቁልፍ ሲከፈት ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥተህ ወደ ደሴ ስትወጣ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ የእነሱ ኮምፒውተር ይህን የሚያውቀው ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ስትረግጥ ነው። ሙሉ መርገጥህን የሚነግረው ማን ነው? ይህችው ሴንሰር ናት።

ባለመኪና፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የድሮው ካርቡራቶር ይሻለኝ ነበር እላለሁ። በካቻቢቴ ይስተካከላል፤ ኮምፒውተር የለ፣ ቮልት የለ። ድሃ አገር ላይ ያን ያህል ቀላል ነገር ትቶ ወደዚህ መግባት ለማን ጠቀመ?

መካኒክ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ካርቡራቶር እኔም ያሳደገኝ ሙያ ነው። ግን ኮምቦልቻ ላይ ያስተካከልከው ካርቡራቶር ደሴ ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይጠለሻል። ደሴ ላይ ብታስተካክለው ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ነዳጅ ያንሰዋል። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን ለሚረግጥ መኪና እውነተኛ ልክ የለውም። ቦሽ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለቮልስዋገን የሠራው የኤሌክትሮኒክስ ኢንጀክሽን እንዲህ ያለውን ችግር ለማቃለል መንገድ ከፈተ። ያን ጊዜም ቢሆን በትሮትል ዘንግ ላይ ማብሪያ ነበረው፤ ያለ እግሩ ወሬ ነዳጁን መመጠን እንደማይቻል ገና ከጅምሩ ታውቋል። አዲሱ ሥርዓት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መለካትን። መለኪያው ውድ አይደለም፤ የአንዲት ሴንሰር ዋጋ እንኳ ተራ ቴስተር ይገዛል።

ባለመኪና፦ አሁን ያሉት የቶዮታ ቪትዞችስ? እነሱም እንዲህ ይዞራሉ?

መካኒክ፦ ገመድ የሌላቸው መኪናዎች ሌላ ናቸው። በእነሱ ላይ መዝጊያውን የሚከፍተው ትንሽ ሞተር ነው። ሴንሰሩም ጥንድ ሆኖ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን እያስተያየ ካልተስማሙ ጉልበቱን ቀንሶ መኪናዋን ቀስ ብላ ብቻ እንድትሄድ ያደርጋል። እዚያ ላይ ቪቴ ፈትተህ የምታዞረው ነገር የለም፤ ካቻቢቴ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ከጽዳት ወይም ከቅያሪ በኋላ ኮምፒውተሩ የተዘጋውን ቦታ እንደገና እንዲማር የየፋብሪካውን ሥርዓት መከተል ነው። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ሕጉ ያው ነው፤ መነሻው ሳይያዝ ሥራው አላለቀም።

ባለመኪና፦ ግን ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። እኛ ባለመኪናዎችም እንቸኩላለን። መኪናዋ አንድ ቀን ቆመች ማለት የአንድ ቀን እንጀራ ነው። «ዕቃ ቀይርና ስጠኝ» የምንለው እኛ ነን። መካኒኩም የሚከፈለው ለገጠመው ዕቃ እንጂ ለለካው አይደለም።

መካኒክ፦ እውነት ብለሃል፤ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ሰው ለብረት ይከፍላል፣ ለዕውቀት መክፈል ይከብደዋል። ሒሳቡን ግን አስበው። ዛሬ የለካነው ሥራ ከግማሽ ቀን ያነሰ ነው። ሳይለኩ የቀየሩልህ ዕቃ ገንዘቡን በልቷል፣ የፍሬን ሸራም ሊያስቀይርህ ነበር፣ ቀጥሎ «ኮምፒውተሩ ነው» ይሉህ ነበር። ይህ ደግሞ የአንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ለብዙ ዓመት ያገለግሉናል። የሚተካቸው በቀላሉ አይመጣም። በግምት እየቀየርን ብንጨርሳቸው ጉዳቱ የአገር ነው።

ባለመኪና፦ ታዲያ መፍትሔው ከማን ይጠበቃል?

መካኒክ፦ ከሦስታችንም። ከትምህርት ቤቱ፣ ከጋራዡና ከአንተ። ደሴ ላይ እንደ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ያለ አንጋፋ ተቋም አለን፤ ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ለልምምድ ጋራዥ የሚገባ ልጅ ቁልፍ ከመያዙ በፊት ቴስተር መያዝና ያነበበውን መጻፍ ይልመድ። ጋራዡ «ሞቷል» ከማለቱ በፊት የሞተበትን ቁጥር ያሳይ። አንተም ዕቃ ልትቀይር ስትል ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ከመፈታቱ በፊት ስንት አነበበ? ከተገጠመ በኋላስ ስንት አነበበ? መሆን የነበረበት ስንት ነው? ይህን መመለስ የማይችል ጋራዥ መኪናህን አይንካት።

ባለመኪና፦ ይህን ሁሉ ስጠይቅ መካኒኩ ቅር አይለውም?

መካኒክ፦ ለክቶ የሠራ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ሙያውን የሚያስከብርለት ጥያቄ ነውና። ቅር የሚለው የሚመልሰው የሌለው ነው። በል፣ ደረሰኝህን አምጣ። ከዋጋው ሥር እጽፍልሃለሁ፦ «ተዘግቶ ከ1.1 ወደ 0.5 ቮልት ተስተካክሏል፤ ሙሉ ተከፍቶ 4.2፤ የማቆሚያ ቪቴ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች።» ነገ ሌላ መካኒክ ቢያያት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ሐረጎን ስትወርድ በማርሽ ውረድ፣ በኒውትራል አትልቀቃት። አሮጌውን ሴንሰርም አትጣለው፤ አምጣውና ለክተን ደህና ከሆነ መጠባበቂያ ይሆንሃል። ለጓደኞችህም ንገራቸው፤ ልኩ በቁጥር ያልተጻፈለት ጥገና ተጠናቀቀ ብለው ገንዘብ አይክፈሉ።